መልስ፦ በፖኬሞን ጌም ድራኮ ሜቲየር (የድራገን ዓይነት ጥቃት) ሁለተኛው ላይ ለምን ይደክማል?

ጌምህ አልተበላሸም። ድራኮ ሜቲየር ባረፈ ቁጥር የተኳሹን ስፔሻል አታክ (የልዩ ጥቃቶቹን ጉልበት) ሁለት ደረጃ ያወርዳል። የመጀመሪያውን በሙሉ ጉልበት ትለቃለህ፣ ሁለተኛው በግማሽ፣ ሦስተኛው በሲሶ ነው የሚወጣው። ሃይድሪጎን በተባለው ፖኬሞንህ ላይ ያየኸው ይኸው ነው።

መፍትሔው፦

1. አንዴ ተኩሰህ ሃይድሪጎንን አስወጣውና ሌላ አስገባ። ሲመለስ የወረደው ሁሉ ተስተካክሎ ይጠብቅሃል።
2. ማስወጣት ካልፈለግህ ዋይት ኸርብ የተባለውን ዕቃ አስይዘው። የወረደውን ወዲያው ይመልሳል፣ ግን አንዴ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያልቃል።

ቾይስ ስፔክስ የተባለውን ዕቃ አስይዘኸው ከሆነ ግን ተጠንቀቅ። ጉልበቱን በ50 በመቶ ይጨምራል፣ በለውጡ መጀመሪያ በመረጥከው ጥቃት ላይ ይቆልፍሃል። ተጋጣሚህ ያንን አይቶ የፌሪ ዓይነት ፖኬሞን ካስገባ ድራኮ ሜቲየር ምንም አይነካውም (እ.ኤ.አ. ከ2013ቱ ፖኬሞን ኤክስ እና ዋይ ጌሞች ጀምሮ እንዲህ ነው)። ሃይድሪጎን ደግሞ ዓይነቱ ድራገንም ዳርክም ስለሆነ የፌሪ ምት አራት እጥፍ ያርፍበታል። ስለዚህ ተጋጣሚው ቡድን ውስጥ ፌሪ ካለ፣ እሱ እስኪወድቅ ድረስ የስቲል ዓይነት ጥቃት የሆነው ፍላሽ ካነን ይሻልሃል።

የድራኮ ሜቲየር ትክክለኝነትም 90 በመቶ ነው፤ አንዳንዴ ይስታል። ሲስት ግን ስፔሻል አታክህ አይወርድም።