ውሃችንና ዕቃችን፦ ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ደሴ ላይ የቤት ዕቃ እጠግናለሁ። «ስለ ውሃና ስለ ማሽኖቻችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ አላሳፈራችሁኝም። እነሆ መልሱ።

ከኮምቦልቻ፦ «የውሃ ማፍያዬ ውስጡ ነጭ ሆኗል። ውሃው ተበክሎ ይሆን?»

አብሽሪ እህቴ፣ ብክለት አይደለም። ውሃ በድንጋይና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሟሟል። ሲፈላ ከዚያ ውስጥ ከፊሉ ወደ ኖራ ተለውጦ ይጋገራል። እርግጠኛ ለመሆን አንድ ጠብታ ሎሚ ጣይበት። ቡፍ ቡፍ እያለ ካረፋ ኖራ ነው።

ለማጽዳት ግማሽ አቾቶ፣ ግማሽ ውሃ አድርጊበት። ዕቃውን ከግማሽ በላይ አትሙዪው፤ ሲፈላ ይገነፍላል። አፍልተሽ አንድ ሰዓት ተዪው። ከዚያ ድፊውና ሁለት ጊዜ ንጹህ ውሃ አፍልተሽ ድፊ። በቢላ መፋቅ የለም! ብረቱ ከተጫረ ኖራው የበለጠ ይይዘዋል። አደራ፣ አቾቶን ከበረኪና ጋር እንዳትቀላቅዪ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ከወልዲያ፦ «እንዲህ ኖራ የሚጋግር ውሃ መጠጣት ኩላሊት ላይ ጠጠር ያመጣል ይባላል። እውነት ነው?»

ይህ ጥያቄ ከአምስት ሰው መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዓይነት ማዕድን በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም። ካልሲየምም ማግኒዚየምም ሰውነት የሚፈልጋቸው ናቸው። ጠጠርን በብዛት የሚያባብሰው ውሃ አለመጠጣት ነው። ጠጠር ኖሮበት የሚያውቅ ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። ደግሞም ማዕድን ሌላ፣ ጀርም ሌላ ነው። ውሃው ኖራ ባይኖረውም ንጹህ ነው ማለት አይደለም።

ከሐይቅ፦ «ቦይለሬ ሲሞቅ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። መብራትም ይበላል። ልጣለው?»

አትጣለው ወንድሜ! ቦይለር ሲጣል ሳይ ሆዴን ይበላኛል። በቅርቡ አንዱን ፈትቼ ነበር። ማሞቂያው ሬዚስታንስ ከጣት የማይወፍር ነው። እኔ ያወጣሁት ግን የበቆሎ ራስ አክሎ ነበር። ታንኩ ሥር የተጠራቀመውን ስብርባሪ በሁለት እጄ ዘግኜ አወጣሁ። የሚንጣጣው ለዚህ ነው፦ ከኖራው ሥር የታፈነው ውሃ ይፈላና እንፋሎቱ እየፈነዳ ይወጣል። ኖራው ሙቀቱን ስለሚያፍን ሬዚስታንሱ ራሱን ያቃጥላል።

መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፋ። ውሃውን ዘግተህ ታንኩን አራግፍ። ሬዚስታንሱን አውጥተህ አቾቶ ውስጥ አሳድረው፤ ጫፉ ላይ ያለው የሽቦ መያዣ እንዳይነካው። ያንኑ ጊዜ አብራው ያለችውን የማግኒዚየም ዘንግ እያት። ታንኩ እንዳይዝግ ራሷን የምታስበላው እሷ ናት፤ ከቀጠነች ቀይራት። ስትመልሰው ሙቀቱን 60 ዲግሪ አካባቢ አድርገው። ብዙ ሰው ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያዞረዋል፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር ግን ኖራው ይበዛል። መፍታቱን ካልለመድከው በእጅህ አትሞክረው፣ ባለሙያ ጥራ።

ከደሴ፦ «ሳሙና አላረፋ ይለኛል። ሳሙናው ነው ውሃው?»

በክረምት ዝናብ ሲመጣ ለዪው እማማ። መጀመሪያ ጣራውን ይጠብ፣ ከዚያ ንጹህ ዕቃ ደቅኚ። ሁለት ጠርሙስ ያዢ፣ በአንዱ የዝናብ፣ በሌላው የቧንቧ ውሃ። እኩል ሳሙና ጨምረሽ በጥብጪ። የዝናቡ አረፋ ወፍራም ሆኖ፣ የቧንቧው ወዲያው ጠፍቶ ውሃው ከደፈረሰ ጥፋቱ የሳሙናው አይደለም። በላብራቶሪ ሲለካ፣ የሟሟው ማዕድን በኖራ ተሰልቶ በሊትር ከ60 ሚሊግራም በታች የሆነ ውሃ ለስላሳ፣ ከ180 በላይ የሆነው በጣም ከባድ ይባላል። ነጭ ነጠላና ጋቢ በዝናብ ውሃ ማጠብ ጥሩ ነው፤ ሳሙናም ይቆጥባል።

ከከሚሴ፦ «የሸክላ ማጣሪያ ገዛሁ፣ ኖራው ግን አልቀረም።»

አይቀርምም። ኖራው ውሃው ውስጥ የሟሟ ስለሆነ ሸክላው አይዘውም። ማጣሪያው ለድፍርስና ለጀርም ይጠቅምሃል፤ አትጣለው። ማዕድኑን የሚያስቀር መሣሪያ በጨው የሚሠራ ነው፤ ዋጋውም ጥገናውም ለአንድ ቤት ይከብዳል። ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት የሚሸጡላችሁ አሉ፤ አሳማኝ ማስረጃ አላየሁበትም፣ ገንዘባችሁን ያዙ።

ስለ ካውያና ስለ ሻወር

የእንፋሎት ካውያ ውስጥ የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ። እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ መተኮስ ይሻላል። የሻወሩ ቀዳዳ ከተደፈነ በፌስታል አቾቶ አድርጋችሁ ራሱ ላይ እሰሩትና አሳድሩት።

ከኮምቦልቻ፦ «ጀበናዬን በአቾቶ ልጠበው?»

አይሆንም እናቴ። ሸክላ ይጠጣል፣ ጠረኑ አቦሉ ላይ ይመጣብሻል። ማታ ውሃውን አፍልተሽ አሳድሪው። ጠዋት ከላይ ያለውን ቀስ ብለሽ ገልብጪ፣ ሥሩን ድፊው። ጀበናው ውስጥ የሚጋገረው በጣም ይቀንሳል፣ ቡናውም ይጣፍጣል።

ከወልዲያ፦ «ሬዚስታንስ ልገዛ ነው፣ ምን ልጠይቅ?»

አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ዋቱን፣ የጥርሱን ስፋትና ርዝመቱን አስተያይ፤ ጎማውንም አዲስ አድርግ። የተቃጠለውን ሻጩ ጋ አትተወው፣ እቤት እስክትገጥመው ይዘኸው ተመለስ።