ስልኬ ላይ የነበረው ኢሜይል የት ገባ?

ከላሊበላ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል።

«አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለን። በራሳችን ዶሜን (የድረ ገጻችን ስም) ኢሜይል ከከፈትን ቆይተናል። እንግዳ መቀበያው ላይ ያሉት ልጆች በኮምፒውተር አውትሉክ ይጠቀማሉ፣ እኔ በስልኬ እከታተላለሁ። የገባ መልእክት ስልኬ ላይ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆይና ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን አለ። እኔ ከስልክ የመለስኩትን ደግሞ ልጆቹ አያዩትም፤ ለአንድ እንግዳ ሁለት የተለያየ መልስ የላክንበት ጊዜ አለ። ይባስ ብሎ፣ ድረ ገጻችንን ወደ ሌላ ሆስቲንግ ካዛወርን ወዲህ እንግዶች ‹መልሳችሁን ስፓም ውስጥ አገኘነው› ይሉናል። ሁሉንም ያስተካከለልን የእህቴ ልጅ አሁን አዲስ አበባ ነው። የገና በዓል ሳይደርስ ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ ያለብዎት ሁለት የማይገናኝ ችግር ነው። አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው አብሮ ይስተካከላል ብለው አይጠብቁ። ከሚጠፋው እንጀምር።

«ሁለት ሳምንት ገደማ» ማለትዎ ነገሩን ገላልጦታል። ኢሜይል ከሰርቨር (መልእክቱ ከሚቀመጥበት የኢንተርኔት ኮምፒውተር) የሚነበብበት ሁለት መንገድ አለ፦ ፖፕ እና አይማፕ። ፖፕ ፖስታ ቤት ሄዶ ሳጥኑን ከፍቶ፣ ደብዳቤውን ጠራርጎ ቤቱ እንደሚወስድ ሰው ነው። አይማፕ ግን መልእክቱን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ይተወዋል፤ ማንም ከየትኛውም መሣሪያ ቢከፍተው ያንኑ ያያል። እንደ ነገሩ ሁኔታ ከሆነ የእናንተ ኮምፒውተር በፖፕ፣ ስልክዎ በአይማፕ ነው የተገናኘው። አውትሉክ ላይ ፖፕ ሲከፈት፣ ማንም ካልነካው፣ የወረደውን መልእክት ከ14 ቀን በኋላ ከሰርቨሩ ላይ እንዲያነሳ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ስልክዎ የሚያሳየው ሰርቨሩ ላይ ያለውን ነው። ከዚያ ሲነሳ ከስልክዎም ይነሳል።

የመልሱም ጉዳይ ከዚሁ ይመጣል። ፖፕ የሚያወርደው ኢንቦክሱን ብቻ ነው። እርስዎ ከስልክ የላኩት ሰርቨሩ ላይ «ሴንት» ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል፤ የልጆቹ አውትሉክ ግን ወደዚያ ዞሮ አያይም። የእህትዎን ልጅ አይውቀሱት። አንድ ኮምፒውተር ብቻ በነበረበት ጊዜ ፖፕ ጥሩ ምርጫ ነበር። ሁለት ሰው አንድ የመልእክት ሳጥን ሲጠቀም ግን ከአይማፕ ሌላ አልመክርም።

ዛሬውኑ አንድ ነገር ያድርጉ። ኮምፒውተሩ ላይ አውትሉክን ከፍተው በ«ፋይል» በኩል «አካውንት ሴቲንግስ» ይግቡ። አካውንቱን መርጠው «ቼንጅ»፣ ከዚያ «ሞር ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ» ይበሉ። እዚያ ከ14 ቀን በኋላ ከሰርቨር አስወግድ የሚል ምልክት ያገኛሉ። ያንን ያንሱት። ኮፒውን ሰርቨሩ ላይ ተው የሚለው ግን ምልክቱ እንዳለ ይቆይ፤ እሱን ካነሱት መልእክቱ እንደወረደ ወዲያው ይሰረዛል፣ የባሰ ነው። ይህ በሽታውን አያድንም፣ ደሙን ግን ያቆማል። ከዛሬ ወዲያ የሚገባ የቦታ ማስያዣ ከስልክዎ አይጠፋም።

ዋናውን ሥራ እንግዳ በማይበዛበት ቀን ያድርጉት። የምፈራው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ተቻኩሎ የፖፕ አካውንቱን ከአውትሉክ ያጠፋና የዓመታት ደብዳቤ የት እንደገባ ሳያውቅ ይቀራል። የእናንተ የቆየ መልእክት አሁን ያለው እዚያ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ላይ የለም፣ ስልክዎ ላይ የለም። ሃርድ ዲስኩ ዛሬ ቢበላሽ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከምንም በፊት ኮፒ ይያዙ። በ«ፋይል»፣ «ኦፕን ኤንድ ኤክስፖርት» ገብተው ሙሉውን ሳጥን ከነንዑስ ፎልደሮቹ ፒኤስቲ ወደሚባለው ፋይል ያውጡት። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ይገልብጡ። ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው መከፈቱን ይዩ፤ ያልተሞከረ ኮፒ ኮፒ አይባልም።

ቀጥሎ ሰርቨሩ ላይ ስንት ቦታ እንዳለዎት ይመልከቱ። ሆስቲንጋችሁ ሲፓነል የሚባለው የመቆጣጠሪያ ገጽ ካለው «ኢሜይል አካውንትስ» የሚለው ገጽ ከተፈቀደልዎ ስንቱን እንደተጠቀሙ ያሳያል። የፒኤስቲው ፋይል ከቀረው ቦታ የሚበልጥ ከሆነ ሁሉንም መመለስ አይችሉም። ኮታው ሲሞላ ደግሞ አዲስ መልእክት መግባቱን ያቆማል፣ ለላኪው «ሳጥኑ ሞልቷል» ብሎ ይመለስለታል። በገና ሰሞን እንዲህ ያለ መልስ የደረሰው እንግዳ ሌላ ማረፊያ ይፈልጋል። ኮታውን ያስጨምሩ፣ ወይም የቅርቡን ዓመት ብቻ ይመልሱና የቀረው ፍላሹ ላይ ይቆይ።

አሁን የፖፕ አካውንቱን አስወግደው ያንኑ አድራሻ በአይማፕ ያስገቡ። አውትሉክ ራሱ እንዲመርጥልዎ አይተዉት፤ በእጅ አስገባ የሚለውን ይያዙ። ለገቢው መልእክት ፖርቱ (የመግቢያ በሩ ቁጥር) 993 ከኤስኤስኤል ጋር ነው፤ ኤስኤስኤል መልእክቱ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚቆልፍ ነው። ለወጪው 465 ከኤስኤስኤል ጋር፣ ወይም 587 ከስታርትቲኤልኤስ (ሌላው የመቆለፊያ ዓይነት) ጋር ነው፤ ሆስቲንጉ የሚሰጥዎትን ይከተሉ። 25 ቁጥርን አይጠቀሙ፤ ብዙ ኔትወርክ ላይ ዝግ ነው። የተጠቃሚ ስም ሲጠይቅዎ ሙሉውን ኢሜይል አድራሻ ይጻፉ። ከ«አት» ምልክቱ በፊት ያለውን ብቻ ጽፎ «ፓስወርዱ እምቢ አለኝ» የሚል ደንበኛ አያልቅብኝም። የወጪው ሰርቨርም ፓስወርድ ይጠይቃል የሚለውን ምልክት ማድረግ እንዳይረሱ።

ከዚያ የፒኤስቲውን ፋይል አውትሉክ ውስጥ ይክፈቱትና የድሮውን መልእክት ወደ አዲሱ የአይማፕ ፎልደር ይቅዱት። «ሙቭ» ሳይሆን «ኮፒ» ያድርጉ። ይህ ከእናንተ ወደ ሰርቨሩ የሚጫን ስለሆነ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ማታ ማታ፣ የአንድ የአንድ ወር መልእክት እየከፋፈሉ ይስሩት። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ኮፒው በእጅዎ ስላለ ከቆመበት ይቀጥላሉ።

«ኢንተርኔት ሲቋረጥስ የድሮውን እንዴት እናነባለን?» ይሉ ይሆናል። አውትሉክ በአይማፕም ቢሆን ኮምፒውተሩ ላይ ቅጂ ይይዛል። መስመሩ ቢጠፋ የወረደውን ማንበብ ይችላሉ፤ የጻፉት መልስም አውትቦክስ ውስጥ ይጠብቅና መስመሩ ሲመለስ ይሄዳል።

አይማፕ ላይ ግን ልጆቹን አንድ ነገር ያስጠንቅቁ። አንዱ ጋ የተሰረዘ ሁሉም ጋ ይሰረዛል። «ከኮምፒውተሩ ላይ ላቅልል» ብሎ የሚያጸዳ ልጅ ካለ የእርስዎንም ስልክ እያጸዳ ነው።

ወደ ስፓሙ እንምጣ። «ሆስቲንግ ካዛወርን ወዲህ» ብለዋል፤ ምክንያቱ እዚያው ነው የሚመስለኝ። በዶሜንዎ ስም መልእክት መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ዶሜኑ ዲኤንኤስ (የዶሜኑ አድራሻዎች የሚጻፉበት መዝገብ) ላይ ይጻፋል፤ ኤስፒኤፍ ይባላል። ሲዛወሩ ዝርዝሩ የድሮውን ሰርቨር እንደያዘ ከቀረ፣ አዲሱ ሰርቨር የሚልከው በተቀባዩ ዓይን በሰው ስም የሚነግድ አጭበርባሪ ነው። ሌላው ዲኪም ነው፤ እያንዳንዱ መልእክት ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ወደ እሱ የሚልክ ሁሉ ቢያንስ ከሁለቱ አንዱ እንዲኖረው ይጠይቃል። እርስዎ ሁለቱንም ይያዙ። አብዛኛው እንግዳዎ ጂሜይል ተጠቃሚ መሆኑን እገምታለሁ።

መገመት ሳያስፈልግ ማየት ይቻላል። ከማረፊያው አድራሻ ወደ ራስዎ ጂሜይል አንድ መልእክት ይላኩ። በኮምፒውተር ጂሜይል ከፍተው መልእክቱ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይጫኑና «ሾው ኦሪጅናል» ይበሉ። ከላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ (ይህን ከታች እገልጻለሁ) ተደርድረው ያያሉ፤ አጠገባቸው «ፓስ» ወይም «ፌይል» ይላል። ጨርሶ ያልተዘረዘረ ካለ አልተገጠመም ማለት ነው።

ማስተካከያው ሲፓነል ውስጥ «ኢሜይል ዴሊቨረቢሊቲ» የሚለው ገጽ ላይ ነው። ችግር ካለ ራሱ ይነግርዎታል፤ ዲኤንኤሱም እዚያው ከሆነ «ሪፔር» የሚለውን መጫን ይበቃል። ዲኤንኤሱ ሌላ ቦታ ከሆነ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ይሰጥዎታል፤ ቀድተው ወስደው እዚያ ይለጥፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የድሮውን ኤስፒኤፍ ሳያነሱ አዲስ ይጨምራሉ። ለአንድ ዶሜን አንድ ኤስፒኤፍ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ሁለት ሲሆን ተቀባዩ ሁለቱንም እንደ ስህተት ይቆጥራል። ያለውን ያርሙ እንጂ ጎኑ ሌላ አይትከሉ። ዲማርክ፣ ሁለቱም ሲወድቁ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለው መመሪያ ነው፤ ለጊዜው «ነን» (none፣ ምንም እርምጃ አትውሰድ) በሚለው ደረጃ ያስገቡት፣ ሌላው ሲስተካከል ማጥበቅ ይቻላል። ለውጡ በሁሉም ቦታ እስኪታይ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። በየደቂቃው እየገቡ አይነካኩት።

ያልጠየቁኝን ልጨምር። እንግዶች የፓስፖርት ኮፒ በኢሜይል ይልኩላችኋል ብዬ እገምታለሁ። ያ ሳጥን በአንድ ፓስወርድ ለስንት ሰው ነው ክፍት የሆነው? ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን አድራሻ ይክፈቱለት። የቦታ ማስያዣው አድራሻ የጋራ ይሁን፣ ሠራተኛ ሲለቅ ግን ፓስወርዱ በዚያው ቀን ይቀየር። ሥራው ያለቀ የፓስፖርት ኮፒ ሳጥኑ ውስጥ ባይከርም ይሻላል።

የእህትዎን ልጅ ደውለው አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ዶሜኑ የተመዘገበው በማን ስምና በየትኛው ኢሜይል ነው? በእሱ ከሆነ ቤተሰብ ነው ብለው አይተዉት፤ ወደ እርስዎ ያዛውረው። የመገናኛ ኢሜይሉም በዚያው ዶሜን ላይ ያለ አድራሻ አይሁን። የዓመቱ ክፍያ ቢያልፍና ዶሜኑ ቢዘጋ፣ ማስጠንቀቂያው የሚላከው አብሮ ወደተዘጋው ሳጥን ይሆናል። የራስዎን ጂሜይል ያስመዝግቡ።

ሥራውን ጨርሰው «ሾው ኦሪጅናል» ላይ አሁንም «ፌይል» የሚል ካዩ፣ ገጹን ስክሪንሾት አድርገው ይላኩልኝ። ፓስወርዱን ግን ለእኔም አይላኩ።