ለቤቱ የሚያስብ አባት ምን አጠፋ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምጽፍልዎ ከለንደን ነው። ልጄ ለፈተናዋ የጄ. ቢ. ፕሪስትሊን «አን ኢንስፔክተር ኮልስ» ቴአትር እያጠናች ስለሆነ አብሬያት አነበብሁት። ሚስተር በርሊንግ የሚባለውን የፋብሪካ ባለቤት ሁሉም ያወግዘዋል። እኔ ግን «ሰው ለራሱና ለቤተሰቡ ያስብ» ማለቱ ጥፋቱ አልታየኝም። ቅዱስ ጳውሎስስ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ከማያምን ይከፋል ብሎ የለም? ይህን ስላት ልጄ «እማዬ፣ አንቺስ ለሠራተኞችሽ ስንት ነው የምትከፍዪው?» አለችኝ። ምግብ ቤት አለኝ። አዲስ ለመጡ ልጆች ሕጉ ከሚለው አሳንሼ እከፍላለሁ፤ ተስማምተው ነው የሚሠሩት። አሥራቴን ግን አጓድዬ አላውቅም። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እኅቴ ሆይ፣ ጥያቄዎ የመጣው ከልጅዎ አፍ ነውና እርሷን አይቆጧት።

ላላነበቡት ባጭሩ ልንገር። ዘመኑ 1912 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቦታው ብራምሊ የተባለች፣ ደራሲው የፈጠራት የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ። በርሊንግ የልጁን የሺላን መታጨት እያከበረ ለወጣቶቹ ምክር ይሰጣል፤ «ሰው የራሱን ጉዳይ ይይ፣ ለራሱና ለወገኑ ያስብ» ሲል ንግግሩን ሳይጨርስ የበሩ ደወል ይጮኻል። የገባው የፖሊስ መርማሪ (ኢንስፔክተር) ነኝ የሚል ሰው ነው፤ ኢቫ ስሚዝ የምትባል ወጣት መርዝ ጠጥታ ሞታለች ይላቸዋል። ከሁለት ዓመት በፊት የበርሊንግ ሠራተኛ ነበረች። በሳምንት ከ22 ሽልንግ ተኩል ወደ 25 ሽልንግ ይጨመርልን ብለው ሥራ ካቆሙት መካከል ግንባር ቀደም ስለነበረች አባረራት። ሁለት ሽልንግ ተኩል ነበር ልዩነቱ።

አሁን ወደ ጠቀሱት ቃል እንምጣ። «ለእርሱ ስለ ሆኑት ይልቁንም ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ» የሚለው 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ላይ ነው። ምዕራፉን ከላይ ጀምረው ያንብቡት፤ ስለ መበለቶች ነው የሚናገረው። እናቱን ወይም አያቱን ለቤተ ክርስቲያን ጥሎ የሚሄደውን ነው ሐዋርያው የገሠጸው። ለጎረቤትህ አታስብ የሚል ፈቃድ ከዚያ አይወጣም። እንዲያውም አሥር ቁጥር ዝቅ ቢሉ «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል» ይላል። እርግጥ እዚያ ላይ የሚናገረው በመስበክና በማስተማር ስለሚደክሙት ሽማግሌዎች ነው፤ ነገር ግን ለእነርሱ ማስረጃ ያደረገው የማንኛውንም ሠራተኛ መብት ነው። በርሊንግ ቁጥር 8ን ይዞ ቁጥር 18ን የዘለለ ሰው ነው።

«ተስማምተው ነው» ያሉትን በደንብ ያስቡበት። ኢቫም በ22 ሽልንግ ተኩል ተስማምታ ነበር የገባችው። የቤት ኪራይ የደረሰበትና የሚጠይቅለት ዘመድ የሌለው ልጅ ምን ቢሰጡት እንቢ ይላል? ያዕቆብ በመልእክቱ «የሠራተኞች ደመወዝ በእናንተ ተቀምቶ ይጮኻል» ሲል (5፥4) አጫጆቹ ተስማምተው ነበር ወይስ አልተስማሙም ብሎ አልጠየቀም። በዚያ ላይ እርስዎ ከበርሊንግ ይልቅ የሚከብድብዎ ነገር አለ፤ እርሱ የከፈለው የዘመኑን ገበያ ነው፣ እርስዎ ግን ሕጉ ካስቀመጠው በታች ነው የሚከፍሉት።

ስለ አሥራቱ መጽሐፈ ሲራክ የሚለው ያስደነግጣል፤ ከድሆች ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርብ ሰው ልጅን በአባቱ ፊት እንደሚያርድ ነው ይላል። ከልጆቹ ደመወዝ የቀረው ገንዘብ በሙዳየ ምጽዋት ስለገባ አይነጻም። በነገራችን ላይ እኔን ከበርሊንግ ይልቅ የምታስፈራኝ ሚስቱ ናት። በእርዳታ ማኅበር ኮሚቴ ውስጥ ትልቅ ሰው ናት፤ ያችው ኢቫ ነፍሰ ጡር ሆና ለእርዳታ ብትመጣ፣ የማይገባትን ስም ይዛ ቀርባለች ብላ ባዶ እጇን እንድትመለስ ያስደረገች እርሷ ናት። ሰበካ ጉባኤ ላይና ማኅበር ላይ ያለን ሰዎች እርሷን ደጋግመን ብናይ ይጠቅመናል።

የአባትየው ትልቁ ጥፋት ግን በእኔ አስተያየት የመጣው ካባረራት በኋላ ነው። ወደ መጨረሻው ኢንስፔክተሩ እውነተኛ ፖሊስ እንዳልሆነ፣ ሆስፒታልም የሞተች ሴት እንዳልገባች በስልክ ያረጋግጣሉ። ሺላና ወንድሟ ኤሪክ «ያደረግነውን አድርገናል» ብለው ያዝናሉ። አባትየው ግን ይስቃል፤ መጠጥ ይቀዳል፤ በልጆቹ ያላግጣል። ከጅምሩ የጨነቀው የሚጠብቀው የ«ሰር» ማዕረግ እንዳይቀርበት፣ ስሙም ጋዜጣ ላይ እንዳይወጣ ነበር። መታወቅን መፍራት ንስሐ አይባልም፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ ጸጸቱም አብሮ ያልፋልና። ወዲያው ስልኩ ይደወላል፤ አሁን አንዲት ሴት መርዝ ጠጥታ ሞታለች፣ ኢንስፔክተር እየመጣ ነው ይባላል። ዘኬዎስን ያስታውሱ፤ ማንም ሳይከሰው ነው ተነሥቶ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለው (ሉቃ. 19፥8)።

እንግዲህ የሚያደርጉት ይህ ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ ሕጉ የሚለውን ይክፈሉ፤ ምግብ ቤቱ ካልቻለ የሥራ ሰዓቱን ይቀንሱ እንጂ ዋጋቸውን አይቀንሱ። ያለፈውን በደብተር አስልተው ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ በአንድ ጊዜ መክፈል ካቃተዎ በየወሩ እንዴት እንደሚመልሱ አብረው ይወስናሉ። ኦሪት ዘኍልቍ 5 የበደለ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ እንዲጨምር ያዝዛል፤ ንስሐ አባትዎ ይህን ቢያስታውሱዎ አይክፋዎ። ሥራ ለቅቆ የሄደ ካለ ስልኩን ከጓደኞቹ ጠይቀው ይደውሉለት። ፈልገው ጨርሶ ከታጣ ብቻ ድርሻው በስሙ ለድሆች ይሰጥ፤ ከአሥራትዎ ጋር ግን አይደባለቅ።