በአየር ላይ የነበሩት ጣቢያዎች

ጥያቄ፦ በድሮ የኒውዮርክ ፎቶ ባቡር ከመንገድ በላይ በብረት ምሰሶዎች ላይ ሲሄድ አየሁ። ጣቢያዎቹ ለምን ፈረሱ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከእነዚህ ከመንገድ በላይ ከሚሄዱ የባቡር መስመሮች አንዱ የሆነው የስድስተኛው ጎዳና መስመር እ.ኤ.አ. በ1878 ተከፍቶ በዲሴምበር 1938 ተዘጋ፤ በ1939 ከነጣቢያዎቹ ፈረሰ። ምሰሶዎቹ መንገዱን ያጣብቡ፣ ሐዲዱም ብርሃን ይከለክል ነበር። ጩኸቱም ባለሱቆችንና የሕንፃ ባለቤቶችን አማረረ። በፎቶዎ ላይ ጭስ የሚተፋ ሎኮሞቲቭ ካለ፣ ጊዜው ከ1903 በፊት ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ በኤሌክትሪክ ተተክቷል። ምትኩ የምድር ውስጥ ባቡር የተከፈተው በ1940 መጨረሻ ስለሆነ፣ ተሳፋሪው ሁለት ዓመት ያህል ተቸግሯል። የሦስተኛው ጎዳና መስመር ግን ይብሳል፦ በማንሃተን (በከተማዋ ማዕከላዊ ክፍል) በ1955 ተዘጋ፤ በአካባቢው ለረጅም ጊዜ የታቀደው የሁለተኛው ጎዳና የምድር ውስጥ መስመር የመጀመሪያ ክፍል ሥራ የጀመረው በ2017 ነው። ምትኩ ሳይደርስ ነባሩን ማፍረስ ትልቅ ጥፋት ነበር።