ያልለካሁት ድስት፦ የምግብ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ለመሆን ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በቅርቡ የተመረቀ አንድ ወጣት ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ። የመጀመሪያው «የምግብ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ለመሆን ምን ዓይነት ትምህርትና ሥልጠና ያስፈልገኛል?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «የናሙና አወሳሰድ ሥልጠናው አሰልቺ ነው ይባላል፤ ስሜን አስመዝግቤ ብቀርበትስ?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ወዲያውኑ መለስኩለት። ሁለተኛው ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ፤ እኔም በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ ያንኑ ሥልጠና የተከታተልኩት በስም ብቻ ነበርና። ጠዋት መጥቼ ፈርሜ ከሰዓት የቀረሁባቸው ሁለት ቀናት በሌላ ሰው ኑሮ ላይ ያስከተሉትን አሁንም አልረሳሁትም።

በመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር። በብዙ አገሮች ለዚህ ሥራ የሚጠየቀው በምግብ ሳይንስ፣ በምግብ ቴክኖሎጂ፣ በማይክሮባዮሎጂ፣ በባዮኬሚስትሪ፣ በእንስሳት ሕክምና፣ በአካባቢ ጤና ወይም በእነዚህ አቅራቢያ ባለ መስክ የተገኘ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ዝርዝሩ ከአገር አገር ስለሚለያይ የምታመለክቱበትን መሥሪያ ቤት ደንብ ራሳችሁ አንብቡ፤ ከሰው አፍ አትውሰዱ። ከዲግሪው ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ የመግቢያ ፈተና አለ። ፈተናውን ያለፈ ሰው የምግብ ሕግን፣ የፍተሻ አሠራርን፣ የናሙና አወሳሰድን፣ የሪፖርት አጻጻፍንና ፍርድ ቤት ቀርቦ መመስከርን ይሠለጥናል፤ ከነባር ባለሙያ ጋር እየዞረ ሥራውን ካየ በኋላ በራሱ ፊርማ ምግብ እስከ ማገድ የሚደርስ ሥልጣን ይሰጠዋል። መንግሥት ቤት ሳይሆን ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር መሥራት የምትፈልጉ ደግሞ የአይኤስኦ 22000፣ ማለትም የዓለም አቀፉ የምግብ ደኅንነት አስተዳደር ደረጃ፣ የውስጥ ኦዲተርነት ሥልጠና ይጠቅማችኋል። ሃሳፕ ተብሎ የሚጠራውን የአደጋ ትንተናና የወሳኝ መቆጣጠሪያ ነጥቦች ሥርዓት ግን ሁላችሁም፣ የትም ብትቀጠሩ፣ ጠንቅቃችሁ ማወቅ ይኖርባችኋል።

ይህ ሥርዓት የተጸነሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለጠፈር ተጓዦች የሚሆን ምግብ ሲዘጋጅ ነው። ምግብን አብስሎ ከጨረሱ በኋላ በመመርመር ብቻ ደኅንነቱን ማረጋገጥ እንደማይቻል ሠሪዎቹ ተረዱ፤ እያንዳንዱን እሽግ እንመርምር ቢሉ ለመንገደኞቹ የሚተርፍ ምግብ አይኖርምና። ስለዚህ ጥንቃቄው ወደ አሠራሩ ውስጥ ገባ፤ አደጋ የሚፈጠርበት ደረጃ ተለይቶ እዚያው ይለካል፣ ይመዘገባል፣ ከመስመር ሲወጣም ወዲያው ይታረማል። በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና በዓለም ጤና ድርጅት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው፣ ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኮዴክስ አሊመንታሪየስ ኮሚሽን ይህንኑ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1993 በመመሪያነት አጽድቆታል። ይህን ሁሉ በተማሪነቴ አውቀው ነበር፤ ፈተናም ላይ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ።

አሁን ወደ ድስቱ ልመለስ። ሥራ ከጀመርኩ ዓመት ሳይሞላኝ ብዙ ሠራተኞችን የሚመግብ አንድ ትልቅ ወጥ ቤት እንድፈትሽ ታዘዝኩ። የደረስኩት ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። ኃላፊው በትሕትና ተቀብሎኝ የሙቀት መመዝገቢያውን አቀረበልኝ። ለሠላሳ ተከታታይ ቀናት፣ ጠዋትና ማታ፣ የማቀዝቀዣው ሙቀት 4 ዲግሪ ተብሎ ተጽፏል፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ አንድም ስርዝ ሳይኖርበት። ዛሬ እንዲህ ያለ መዝገብ ሳይ ወንበሬን ስቤ እቀመጥና መጠየቅ እጀምራለሁ፤ በሮቹ በቀን መቶ ጊዜ የሚከፈቱ ማቀዝቀዣ ወር ሙሉ ከ4 ዲግሪ ንቅንቅ ሳይል ሊቆይ አይችልምና። ያን ቀን ግን በጽዳቱ ተደስቼ አለፍኩት።

ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ ከጉልበቴ በላይ የሚደርስ ትልቅ ድስት ተከድኖ ተቀምጦ ነበር። ለምሳ የሚቀርበው በመረቅ የበሰለ ሥጋ ነው። ዕቃ የሚያጥቡ አንዲት እናት እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠራረጉ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ያ ትልቁ ድስት ትናንት ማታ የበሰለ ነው፤ ውጭ አድሮ ጠዋት ነው የገባው፤ እስቲ ጎኑን ዳሰስ አድርገው» አሉኝ። ኃላፊው ብቅ ሲል ዝም ብለው ወደ ውኃቸው ተመለሱ። የድስቱ ክዳን ዙሪያውን ላብ አውጥቶ፣ ጠብታው በጎኑ እየተንኳለለ ይወርድ ነበር። ዓይኔ አይቶታል። መውጊያ ቴርሞሜትሩ በደረት ኪሴ ነበር። ክዳኑን አንሥቼ መሃሉን ብለካው ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድብኝም ነበር። እኔ ግን የመዝገቡን ቁጥር ወደ ቅጼ ገልብጬ፣ «አጥጋቢ» ብዬ ፈረምኩና ወጣሁ።

ምሳው ለብ ተደርጎ ቀረበ። በዚያው ሌሊት ከበሉት ሰዎች ብዙዎቹ ሆዳቸውን እየቆረጣቸው በተቅማጥ ተያዙ፤ ከመካከላቸው አንድ ዕድሜያቸው የገፋ የጥበቃ ሠራተኛ ሰውነታቸው ውኃ አልቆበት ሐኪም ቤት ገቡ። ትውከትና ትኩሳት የነበረበት ሰው ከጥቂት በላይ አልነበረም።

በማግስቱ የተረፈውን ምግብ ናሙና እንዳመጣ ተላክሁ። ናሙናውን በንጹሕ ዕቃ ወሰድኩ። ላቦራቶሪው ተዘግቶ ስለነበር እንዳይበላሽብኝ ብዬ፣ በሙሉ ቅንነት፣ ውኃን በረዶ በሚያደርገው ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርኩት። ውጤቱ ሲመጣ ሕመም የሚያመጣ መጠን ያለው ተሕዋስ አልተገኘበትም ይላል። ኃላፊው ውጤቱን ይዞ ምግቡ ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ የሰው እጅ ነው አለ፤ ሳህን ያጠቡትም እኚያ እናት ናቸው ተባለና ከሥራ ተሰናበቱ። የምርመራውን ማጠቃለያ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

የሆነውን የተረዳሁት ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ያን የቀረሁበትን ሥልጠና ዳግመኛ፣ በዚህ ጊዜ ከልቤ፣ ስከታተል ነው። አሠልጣኛችን ስለ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ሲያስረዱን እጄ መጻፉን አቆመ። ይህ ባክቴሪያ ምግብ ሲበስል የማይሞት ዘር መሰል ስፖር አለው፤ በትልቅና ጥልቅ ድስት ውስጥ የቀረ ምግብ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ስፖሩ ይነቃል፣ ከ43 እስከ 47 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደግሞ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። የበላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቁርጠትና ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ትውከትና ትኩሳት እምብዛም አይታይበትም። ከእጅ ወደ ምግብ የገባ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ቢሆን ኖሮ ሰዎቹ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማስመለስ ይጀምሩ ነበር። ሰዓቱ ራሱ ለእኚያ እናት ይመሰክርላቸው ነበር፤ እኔ ግን ሰዓቱን ማንበብ አልቻልኩም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የመጨረሻው ነው፦ ይህ ባክቴሪያ ምግቡ በረዶ ሲሆን በብዛት ይሞታል፤ ስለዚህ ናሙናው በረዶ እንዳይሆን ተጠብቆ በፍጥነት ለላቦራቶሪው ይደርሳል እንጂ እንደ እኔ አይደረግም። ማስረጃውን ያጠፋሁት እኔው ራሴ ነበርኩ። አሠልጣኛችን ይህን የተናገሩት በሥልጠናው ሁለተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ፈርሜ በቀረሁበት ሰዓት።

እኚሁ አሠልጣኝ ሌላም ልማድ ነበራቸው። በየማለዳው የተፈጨ በረዶና ጥቂት ውኃ በኩባያ አድርገው ቴርሞሜትሮቻችንን እንድንነክርና 0 ዲግሪ እስኪያነቡ እንድንጠብቅ ያደርጉን ነበር። የፈላ ውኃስ አይሻልም ወይ ብለን ስንጠይቃቸው፣ ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ መሆኑን፣ ከፍ ባለ ቦታ ግን ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት እንደሚፈላ፣ በረዶና ውኃ ግን በየትም ቦታ እንደማያታልሉን ነገሩን። ያን ኩባያ እስከ ጡረታዬ ድረስ በየሳምንቱ መጀመሪያ አዘጋጅቻለሁ።

እንግዲህ ለወጣቱ የምለው ይህ ነው። ናሙና አወሳሰድን አትዝለል። ከሌሎቹ ሥልጠናዎች አንዱን መተው ግድ ቢሆንብህ እንኳ ይህን አትተው። ናሙናው መቼ፣ ከየት፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደተወሰደ፣ በማን ፊት እንደታሸገ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ ካልተጻፈ፣ የተማርከው ኬሚስትሪ ሁሉ ከፍርድ ቤት ደጃፍ አያልፍም። የማቀዝቀዝን ሕግም በቃልህ ያዝ፤ በብዙ አገሮች እንደሚሠራበት የበሰለ ምግብ ከ60 ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት፣ ከዚያ ወደ 5 ዲግሪ በሚቀጥሉት 4 ሰዓታት ውስጥ መውረድ አለበት። ከጉልበት በላይ የሚደርስ ድስት ይህን ሊያሟላ አይችልም፤ ምግቡ ጥልቀት በሌላቸው ትሪዎች መከፋፈል ይኖርበታል።

የዛሬ ወጣቶች የምስክር ወረቀት መሰብሰብ ታበዛላችሁ፤ ይህን ስናገር የምትከፉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በስክሪን ላይ በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ሥልጠና ጨርሶ «ሃሳፕ ባለሙያ ነኝ» የሚል፣ ነገር ግን የቀዝቃዛ ክፍል በር ከፍቶ የማያውቅ ሰው አጋጥሞኛል። ፍተሻ ላይም ፎቶ አንሥቶ ቶሎ መውጣት ያይላል። ይሁን እንጂ እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ቀን እንደ እናንተ ስልክ በእጄ ቢኖር ኖሮ፣ ላብ ያወጣው ክዳን ከነሰዓቱ በፎቶ ይቀር ነበር፤ እኚያ እናትም ማስረጃ አያጡም ነበር። ስለ ወረቀቱም ቢሆን ወረቀት ምንም አይደለም ብዬ እንዳላስታችሁ እፈራለሁ። ስህተቴን የተረዳሁት ማይክሮባዮሎጂ ስለተማርኩ ነው፤ ያልተማረ ሰው የአሠልጣኙን ቃል ሰምቶ ከድስቱ ጋር ሊያገናኘው አይችልም ነበር።

ሌላው የምጨምረው ሥልጠና በየትኛውም መርሐ ግብር ተጽፎ አላየሁም። ወጥ ቤት ስትገቡ ከኃላፊው ቀድማችሁ፣ ካልተቻለም ኃላፊው በሌለበት፣ ዕቃ የሚያጥበውን፣ የሚጠርገውን፣ ሌሊት የሚያድረውን ሰው አነጋግሩ። ምግቡ መቼ እንደበሰለና የት እንዳደረ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የነገራችሁን ሰው ስም ለኃላፊው አትንገሩ፤ የነገራችሁን ነገር ግን በቴርሞሜትር አረጋግጡ። እኔ በኋለኞቹ ዓመታት በፍተሻ ቅጼ ግርጌ «ዕቃ አጣቢዎች ተጠይቀዋል» የሚል መስመር በእጄ እየጨመርኩ እሞላ ነበር።

ከሥልጠናው እንደተመለስኩ እኚያን እናት ፈለግኳቸው። የነበሩበትን ቤት ለቀው ሄደዋል፤ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ ጎረቤት አላገኘሁም። ለአለቆቼ የቀድሞው ማጠቃለያዬ ስህተት እንደነበረ፣ ናሙናውን ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩና ሠራተኛዋ አስቀድመው ነግረውኝ እንደነበር ዘርዝሬ ጻፍኩ። ደብዳቤው ተመዝግቦ ከፋይሉ ጋር ተያይዟል። ስማቸውን በመጀመሪያው ሪፖርት ውስጥ አልጻፍኩትም ነበር፤ በሁለተኛው ግን ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ጽፌዋለሁ።