በ600 ያርድ ዝቅ ብሎ የመታው ስኮፕ፦ ከመመለስዎ በፊት በሜትር ይለኩት

በኮሎራዶ ግዛት፣ በአውሮራ ከተማ የሚኖሩ አንባቢ የላኩልኝ ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። በርሜሉ 20 ኢንች በሆነ ባለ 308 ዊንቸስተር ጠመንጃቸው ላይ ከ400 ዶላር ባነሰ ዋጋ የገዙትን ስኮፕ (የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር) ገጥመዋል። ስኮፑ ከ6 እስከ 24 እጥፍ ያጎላል፤ የፊት ሌንሱ 50፣ ቱቦው ደግሞ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማዞሪያዎቹ የሚቆጥሩት በሚል (በ100 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር በሚሆን የማዕዘን መለኪያ) ሲሆን እያንዳንዱ ክሊክ 0.1 ሚል ነው። በ100 ያርድ ጥይቶቹ ተጠጋግተው ያርፋሉ። በ600 ያርድ ግን የአረሩን መውደቅ የሚያሰላው የስልካቸው የባሊስቲክስ መተግበሪያ 4.4 ሚል እንዲያዞሩ ነገራቸው፤ ያንኑ አዙረው ሲተኩሱ አረሩ ከዒላማው መሐል 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መታ። መሐሉን ያገኙት 4.8 ላይ ሲደርሱ ነው። የክለብ ጓደኞቻቸው «ርካሽ ስኮፕ ይኸው ነው፤ መልሰውና ተገላገል» ብለዋቸዋል፤ ሱቁ የሰጣቸው የ30 ቀን የመመለሻ ጊዜም ገና አላለቀም። የሚጠይቁኝም ጥፋቱ የስኮፑ መሆን አለመሆኑን፣ ካልሆነም በዚሁ ስኮፕ ኒው ሜክሲኮ ራተን ወደሚገኘው ዊቲንግተን የተኩስ ማዕከል ሄደው በ1,000 ያርድ መተኮስ ይችሉ እንደሆነ ነው።

ውድ ጠያቂ፣ አስቀድሜ ግምቴን ልንገርዎ፤ ከጻፉልኝ ቁጥሮች ስነሳ ዋናው ተጠርጣሪ ስኮፑ አይመስለኝም። 4.8 አዙረው በእርግጥ ያገኙት 4.4 ብቻ ነው ብንል፣ እያንዳንዱ ክሊክ ከ8 በመቶ በላይ ያጎድላል ማለት ነው። በሱቄ ሞርሳ ላይ የምለካቸው የዚህ ዋጋ ስኮፖች ሲሳሳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት በ1 ወይም በ2 በመቶ ነው፤ 8 በመቶ የሚያጎድል ቢገኝ ርካሽ ሳይሆን የተበላሸ ነው የሚባለው። ይሁን እንጂ ግምት ማስረጃ ስለማይሆን፣ አንድም ጥይት ሳይተኩሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያረጋግጡበትን መንገድ ላሳይዎ።

ከመለካትዎ በፊት አገጣጠሙን ይመርምሩ። ስኮፑን የያዙት ቀለበቶች የላይኛው ብሎኖች በአብዛኛው የሚጠብቁት ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ፣ ማለትም ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ባለው ኃይል ነው፤ የቀለበቱ ሠሪ የተለየ ቁጥር ከሰጠ ግን የሠሪውን ይከተሉ። ብዙ ሰው በባዶ እጅ «እስኪበቃው» ያጠብቀዋል። ቱቦው ስስ አሉሚኒየም ነው፤ ማዞሪያው የሚገፋው ሌላ ትንሽ ቱቦም በውስጡ አለ፤ ውጭው ሲጨፈለቅ ያኛው ይነክሳል፣ ክሊኩም ድምፅ እያሰማ መስቀለኛው መስመር ሳይንቀሳቀስ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ስኮፕ ለሱቅ መመለስ የራስን ጥፋት ለሌላ ማሸከም ስለሆነ፣ ብሎኖቹን አላልተው በቶርክ ቁልፍ መልሰው ያጥብቁ።

ወደ ፈተናው እንግባ። ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ፤ የሚነቀል ቦልት ካለውም ነቅለው ያስቀምጡት። ከዚያ በከባድ ማስደገፊያ ወይም በሞርሳ ላይ፣ በእጅ ሲነካ ውልፍት እንዳይል አድርገው ይሰሩት። አንድ ረጅም ካርቶን ይዘው ከላይ ወደ ታች በቱንቢ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩበት፤ በዓይን ልክ የተሰመረ መስመር ለዚህ ሥራ አይበቃም። ካርቶኑን በ100 ያርድ ላይ ያቁሙት፤ ርቀቱን ግን የተኩስ ሜዳው ምልክት ነው ብለው አይቀበሉት፤ ከስኮፑ እስከ ካርቶኑ ራስዎ ይለኩት። በ100 ያርድ 10 ሚል ማለት 91.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሜዳዎ በሜትር የተለካ ከሆነ ደግሞ በ100 ሜትር ድፍን አንድ ሜትር ይሆናል። በመስመሩ ላይኛ ጫፍ አንድ ወፍራም ምልክት፣ ከእርሱም 91.4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሌላ ምልክት ያድርጉ፤ በመካከላቸውም 2፣ 5 እና 8 ሚል የሚያርፉበትን (18.3፣ 45.7 እና 73.2 ሴንቲ ሜትር) ያስምሩ።

መስቀለኛውን መስመር በላይኛው ምልክት ላይ አሳርፈው የከፍታ ማዞሪያውን «ወደ ላይ» ያዙሩ። ጠመንጃው ስለታሰረ መስቀለኛው መስመር ሲወርድ ያዩታል፤ ይህ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ቢሆንም ትክክለኛው ነገር ነው፤ ማነጣጠሪያው ወደ ታች ሲያይ በርሜሉ በአንጻሩ ወደ ላይ ያያል። በየምልክቱ እየቆሙ ንባቡን ይጻፉ። 10 ሚል ላይ ሲደርሱ መስመሩ በታችኛው ምልክት ላይ ማረፍ አለበት፤ አንድ ክሊክ ቢያጥር ወይም ቢያልፍ 0.9 ሴንቲ ሜትር ነው፣ እርሱም 1 በመቶ ነው። ከዚያ ወደ ዜሮ ይመልሱት። በትክክል ተነሥቶበት ከነበረው ምልክት ላይ ይመለሳል? ይህንኑ ምልልስ ደጋግመው ይሥሩ፤ በመሐሉም የቱቦውን ጎን በመፍቻ እጀታ ቀስ ብለው ኳ ኳ ያድርጉት። ሲመታ የሚዘልል መስመር ካዩ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ደካማ ነው፤ በተኩስ ጊዜም የመጀመሪያው ጥይት አንድ ቦታ፣ ሁለተኛው ሌላ ቦታ የሚያርፈው በዚህ ምክንያት ነው። መስመሩ ሲወርድ ከቱንቢው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እየሸሸ መሄዱንም አብረው ይመልከቱ።

አንዳንዶች ይህን ከማድረግ ይልቅ እየተኮሱ ካሬ መሥራት ይመርጣሉ፤ ክሊኩን ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ እያዞሩ የመጨረሻው ጥይት ከመጀመሪያው ጋር መግጠሙን ያያሉ። እኔ ብዙም አልወደውም። በ100 ያርድ የጥይቶቹ ስብስብ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ጥሩ ጠመንጃ ቢኖርዎ እንኳ ይህ ስፋት ሦስት ክሊክ ስለሚውጥ፣ የ1 ወይም የ2 በመቶ ስህተት በውስጡ ተደብቆ ያልፋል፤ ጥይቱም ገንዘብ ነው።

ውጤቱን ሲያነቡ ሁለት ዓይነት ስህተት እንዳለ ያስተውሉ። 10 ሚል አዙረው ሁልጊዜ 9.8 የሚሰጥ ስኮፕ ሁልጊዜ እኩል እንደሚያጎድል ሚዛን ነው፤ መተግበሪያው ውስጥ የስኮፕ ማረሚያ የሚገባበት ቦታ ስላለ እዚያ 0.98 ብለው ካስገቡ ነገሩ ያበቃል። በ400 ዶላር ለተገዛ ዕቃ እኔ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። አንዴ 9.8፣ አንዴ 10.1 የሚሰጥ፣ ወይም ወደ ዜሮ ሲመለስ በሁለት ክሊክ የሚስት ግን ምንም ማረሚያ የለውም፤ መስተዋቱ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን ይመለስ።

ስኮፑ ፈተናውን ካለፈ ተጠርጣሪው የአረሩ ፍጥነት ነው። ባለ 168 ግሬይን (ግሬይን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) የውድድር ጥይት እንደሚጠቀሙ ጽፈዋል፤ በሣጥኑ ላይ በሰከንድ 2,650 ጫማ የሚል ይነበባል፤ መተግበሪያው ውስጥ ያስገቡትም ይህንኑ መሆኑ አይቀርም። ይህ ቁጥር የሚለካው በ24 ኢንች በርሜል ነው። የ308 ጥይት ለእያንዳንዱ ኢንች የበርሜል ቅናሽ በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ጫማ ግድም ስለሚያጣ፣ የእርስዎ 20 ኢንች በርሜል 2,550 አካባቢ ቢሰጥ አይገርመኝም። በአውሮራ ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም ላይ፣ የ100 ጫማ ልዩነት በ600 ያርድ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚል ያህል ይጨምራል። የጎደለዎት 0.4 ነበር። ከፍታውን በመተግበሪያው ሳያስገቡ ቀርተው ይሆን ብዬም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ያ ቢሆን ቀጭኑ የተራራ አየር አረሩን ብዙም ስለማያዘገየው ከዒላማው በላይ ይመቱ ነበር እንጂ ዝቅ አይሉም። ስለዚህ ከክለብዎ ክሮኖግራፍ (የአረር ፍጥነት መለኪያ) ተውሰው አሥር ጥይት ይለኩ፤ አማካዩንም በሣጥኑ ቁጥር ፋንታ ያስገቡ። የ100 ያርድ ዜሮዎንም (ማዞሪያው ዜሮ ላይ ሳለ ጥይቱ ባነጣጠሩበት የሚያርፍበትን ማስተካከያ) እንደገና ይፈትሹት፤ የስብስቡ መሐል በ1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ያ ብቻውን 0.1 ሚል ነው፣ በየርቀቱም ይከተልዎታል።

ርቀቱ ሲጨምር የሚጎዳው ሌላው ነገር የጠመንጃው መጋደል ነው። ጠመንጃው ወደ ጎን 3 ዲግሪ ቢጋደል፣ 10 ሚል አዙረው በሚተኩሱበት ጊዜ ግማሽ ሚል ያህል ወደ ጎን ይወስድዎታል፤ በ1,000 ያርድ ይህ ወደ 48 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ሰዉም በነፋስ ያሳብበዋል። ቱቦው ላይ የሚታሰር ትንሽ ውሃ ልክ ከስኮፑ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። ሲያስሩትም ጠመንጃው በሞርሳው ላይ እያለ፣ መስቀለኛው መስመር ከቱንቢው ጋር ሲገጥም ይሰሩት።

ወደ ራተን ጥያቄዎ ስመጣ፣ መልሱ ያለው ማዞሪያው ውስጥ በቀረው መንገድ ነው። በእርስዎ ጠመንጃ ለ1,000 ያርድ ከ10 እስከ 12 ሚል ያስፈልግዎታል። በዚህ ደረጃ ያሉ 30 ሚሊ ሜትር ቱቦ ያላቸው ስኮፖች ከጫፍ እስከ ጫፍ 19 ሚል ግድም ይዞራሉ፤ በጠፍጣፋ ሬይል (ቀለበቶቹ በሚያርፉበት የጠመንጃው ሐዲድ) ላይ ሲታሰሩ ግን ዜሮው መሐል አካባቢ ስለሚውል ለእርስዎ የሚቀረው ግማሹ ነው፣ ከ10 ያንሳል። ስለዚህ 100 ያርድ ላይ ዜሮ አድርገው ማዞሪያው እስኪቆም ወደ ላይ ያዙሩና ይቁጠሩት። ካነሰ ወደ ፊት ዘንበል ያለ ባለ 20 ኤም ኦ ኤ (ሌላ የማዕዘን መለኪያ ነው) ሬይል ይግዙ፤ 5.8 ሚል ይጨምርልዎታል፣ ከአዲስ ስኮፕም እጅግ ይረክሳል። የማዕከሉ ዝነኛ ኢላማ፣ ነጩ ጎሽ፣ የቆመው ደግሞ 1,123 ያርድ ላይ ስለሆነ፣ እርሱን የሚመኙ ከሆነ ትርፍ መንገድ ይያዙ። ለዚያ ርቀት ከ168 ይልቅ ባለ 175 ግሬይኑን አረር እመርጣለሁ፤ 168ቱ ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲቃረብ መረጋጋት እንደሚያጣ የታወቀ ነው።

ስለ ማጉላቱ ብዙ አልልም። 24 እጥፍ ላይ ወደ ዓይንዎ የሚደርሰው የብርሃን ክብ 50 ለ24 ሲካፈል፣ 2.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ቀትር ላይም ከመሬት የሚነሣው ትኩሳት ዒላማውን ያስጨፍረዋል። ከ12 እስከ 16 ላይ ይተኩሱ፤ የተከፈለበት 24 ይቅር።

ፓራላክሱን፣ ማለትም ዓይን ሲንቀሳቀስ መስመሩ በዒላማው ላይ መንሸራተቱን፣ ግን ችላ አይበሉ። አስቀድመው የዓይን ማስተካከያውን ወደ ጠራ ሰማይ፣ ከፀሐይ ርቀው እያዩ፣ መስቀለኛው መስመር ወዲያው ጥርት እስኪል ያዙሩት። ከዚያ ጠመንጃው ታስሮ ሳለ ራስዎን ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዙ፤ መስመሩ በዒላማው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ በጎን ያለውን ማዞሪያ እስኪረጋ ያስተካክሉት። በዚህ ዋጋ ስኮፕ ማዞሪያው ላይ የተጻፈው የያርድ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ጋር አይገጥምም፤ በትክክል የረጋበትን ቦታ በራስዎ ቀለም ምልክት ያድርጉበት። በ600 ያርድ የሚረጋበት ቦታ ጭራሽ ከሌለ ያ ለመመለስ በቂ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ያከናውኑ፦ መጀመሪያ ብሎኖቹን፣ ቀጥሎ የካርቶኑን ፈተና፣ ከዚያ ክሮኖግራፉን። ስኮፑ በካርቶኑ ላይ ከወደቀ የጻፉትን ንባብና የካርቶኑን ፎቶግራፍ ይዘው ወደ ሱቁ ይሂዱ፤ «ዝቅ አድርጎ ይመታል» ከሚል ቅሬታ ይልቅ «10 ሚል አዙሬ አንዴ 89፣ አንዴ 92 ሴንቲ ሜትር ሰጠኝ» የሚለው ያለ ክርክር ተቀባይነት ያገኛል። ሌላ የሚገዙ ከሆነም ከማጉያው ቁጥር በፊት ዋስትናውን ይጠይቁ፤ ቮርቴክስና አትሎን የመሳሰሉት ሠሪዎች የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ፣ የቮርቴክሱም ከገዢ ወደ ገዢ ስለሚተላለፍ ያገለገለ ዕቃ ለሚያፈላልግ ሰው ይጠቅማል።