ታፔላውም ሸራውም

ወንድሜ፣ «ደሴ ላይ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሌን የሚገዛ የለም፤ ሁሉም የሠርግ ፎቶውን ወይ ለካፌው ጀበና ሣልልኝ ይላል። ጥበቤን ሸጥኩት ማለት ነው?» ብለሃል። አልሸጥክም። የቤት ኪራይ ከፈልክ።

ታላላቆቹ ሠዓሊዎች ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን እኮ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌም አዲስ አበባ ያለውን የአፍሪካ አዳራሹን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የሠራው በትእዛዝ ነው። የማን እጅ እንደሆነ ግን ገና ከበሩ ታውቀዋለህ።

እኔም እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ ታፔላ እየጻፍኩ ነው የኖርኩት። የጎዳኝ ትእዛዙ አይደለም፤ ቀብድ አለመቀበሌ ነው። አንድ ምግብ ቤት ሙሉ ግድግዳ ሥዬ፣ ባለቤቱ «ሴትየዋ ጠቆረችብኝ» ብሎ ግማሹን ብቻ ሰጠኝ። አሁን ንድፉን በወረቀት አሳይቼ፣ አስፈርሜ፣ ግማሽ ሒሳብ ሳልቀበል ብሩሽ አላነሳም።

ጠዋት፣ የጦሳ ተራራ ጉም ሳይገፈፍ፣ የራሴን እሥላለሁ። ከሰዓት የደንበኛ ነው። ማታ እሠራለሁ እያልኩ ስንት ዓመት አቃጠልኩ! ደክሞህ የምትሥለው ሥዕል ራሱ ያዛጋል። ቀለሜ ከትእዛዝ የተረፈ ነው። ሥዕሎቼ ላይ ሰማያዊ የበዛው ለዚህ ነው፤ ሰው ግን ትርጉም ይፈልግለታል። የፋርማሲ ታፔላ ትራፊ ነው በለው!

ደግሞ ትልልቅ ሸራ ብቻ አትሥራ። ኮምቦልቻ ለሥራ የሚመጣ እንግዳ ሻንጣው ውስጥ የሚገባለትን ነው የሚገዛው። አንዱን ሆቴል አነጋግርና ኮሪደሩ ላይ ስቀል፣ ሲሸጥ ድርሻ ስጣቸው።

አርብ ካልዘነበ ፒያሳ ብቅ በል። ሰማያዊ ተርፎኛል።